ቀብር ዛሬ ነው፣ ሊጥ ሦስት ቀን ይፈልጋል፦ «ዕድርና ደቦ ይቅሩብን» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ከስልክ ወደ ስልክ ሲዘዋወር የሰነበተ አንድ ጽሑፍ አለ። ጸሐፊው የሰሜን ሸዋ ተወላጅ እንደሆኑ ይገልጹና፣ የአገራችን ሰው ከድህነት ያልወጣው ጊዜውንና ጥሪቱን በለቅሶ፣ በደቦ፣ በዕቁብና በማኅበር ስለሚጨርስ ነው ይላሉ። የሚያነሷቸው ነጥቦች ባጭሩ እነዚህ ናቸው። የዕድር መዋጮ ባንክ ወይም ኢንሹራንስ ቢገባ ይሻላል። ለቅሶ መቀመጥ ሥራ መፍታት ነው። የደቦ ድግስ ከቀን ሠራተኛ ደመወዝ ይበልጣል። ዕቁብ ወለድ የማይወልድ ገንዘብ ነው። የጋራ የሆነ ነገር ሁሉ ባለቤት ስለሌለው ይጠፋል። ለዛሬ ወጣት ደግሞ የእጅ ስልኩ ይበቃዋል። ጽሑፉ በቅን ልብ የተጻፈ ነው፤ አንዳንዱም እውነት አለው። ነገር ግን ከሥሩ አንድ ነገር ስቷል፤ ስለዚህ ነጥብ በነጥብ መመለስ ያስፈልጋል። በመጀመሪያው ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ፤ የሌሎቹም መልስ ከዚያ ይመነጫልና።

ጸሐፊው ዕድርን የገንዘብ ሣጥን አድርገው ነው የሚያዩት። ወር በወር ይዋጣል፣ ሰው ሲሞት ይከፈላል፤ እንግዲያው ባንክ ወይም ኢንሹራንስ ይህንኑ በተሻለ ይሠራዋል ብለው ይደመድማሉ። የዕድር ሥራ ገንዘብ መክፈል ብቻ ቢሆን ኖሮ ልክ በሆኑ ነበር። ሰው በሞተ ዕለት አንድ ቤት ምን ምን እንደሚያስፈልገው ግን አንድ በአንድ እንቁጠር።

ጎህ ሲቀድ ለፋፊው ይዞራል። ወንዶቹ ወዲያው ይከፋፈላሉ። ዶማና አካፋ የያዙ ስድስት ወይም ስምንት ጎልማሶች ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ይሄዳሉ። የመቃብሩ ጉድጓድ ጠባብ ነው፤ ከሁለት ሰው በላይ አያስቆፍርም። ስለዚህ ሁለት ሁለት እየሆኑ ይፈራረቃሉ፤ መሬቱ ድንጋያማ ከሆነ መፈራረቁ ቶሎ ቶሎ ይሆናል። ሌሎቹ ድንኳን ይተክላሉ፣ አግዳሚ ያመላልሳሉ፣ ለሩቅ ዘመድ ይደውላሉ፣ ሣጥንና መኪና ያፈላልጋሉ። ይህን ሁሉ በገንዘብ ማሠራት ይቻል ይሆናል እንበል። እንጀራውስ?

እንጀራ ለዕለት የሚታዘዝ ነገር አይደለም። ሊጡ ተቦክቶ፣ በእርሾ ቢያንስ ሦስት ቀን ይቀመጣል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች፣ በክረምትና በኅዳር ታኅሣሥ ብርድ አራተኛ ቀን የሚጠይቅ ሊጥ አለ። ከዚያ በኋላ አብሲት ይጣላል፣ ኩፍ እስኪል ይጠበቃል፣ ይጋገራል። ቀብሩ ግን ዛሬ ነው። ቢበዛ ሩቅ ያለ ልጅ እስኪደርስ ለነገ ይቆያል። ሦስት ቀን የሚጠብቅ ማንም የለም።

60 አባወራ ያለበትን ዕድር እንውሰድ። እያንዳንዱ ቤት አምስት አምስት እንጀራ ቢያመጣ 300 እንጀራ ይሆናል። አንድ እንጀራ ምጣዱ ከተሰፋበት አክንባሎው እስኪነሣ፣ ምጣዱም ተወልውሎ ለሚቀጥለው እስኪሰናዳ ድረስ አራት ደቂቃ ያህል ይወስዳል። 300ውን በአንድ ምጣድ እንጋግረው ብንል 1,200 ደቂቃ፣ ማለትም 20 ሰዓት ያለ ዕረፍት ነው። በ60 ምጣድ ግን የአንዷ ድርሻ 20 ደቂቃ ነው። ከዚህ በላይ የሚያስደንቀው የሊጡ ነገር ነው። 60ውም ቤት ሊጡን በአንድ ዕለት አያቦካም። የአንዷ ዛሬ ለመጋገር ደርሷል፣ የሁለተኛዋ ትናንት ነው የተቦካው፣ የሦስተኛዋ ገና እርሾው መጨመሩ ነው። ሞት በማናቸውም ቀን ቢመጣ ከሠፈሩ ውስጥ አንዱ ሲሶ ለመጋገር የደረሰ ሊጥ አለው ማለት ነው። ለዚህ ነው ብልህ የሆኑ የሴቶች ዕድሮች አባላቱን በሦስት ምድብ ከፍለው፣ ሊጧ የደረሰላት በቀብሩ ዕለት፣ ሌላዋ በማግስቱ፣ ሌላዋ በሠልስቱ እንድታመጣ የሚያደርጉት። ሊጥ የሌላት ቆሎ፣ ድንች ወይም ማገዶ ታመጣለች። ይህን መጋዘን የትኛው ኢንሹራንስ ይዞት ሊቀመጥ ይችላል? እያንዳንዷ እናት ለራሷ ቤት ባቦካችው ሊጥ የቆመ ነው፤ ለማስቀመጥ አንድም ሳንቲም አልወጣበትም።

ንፍሮውም እንዲሁ ዕውቀት ይጠይቃል። በዚህ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ90 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ስለሆነ ባቄላና ሽምብራ ለመብሰል ከቆላው ይልቅ ይዘገያሉ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ከዋዜማው ይዘፈዘፋል፤ ሞት ግን ዋዜማ የለውም። ስለዚህ በጎላው ላይ ባቄላው ቀድሞ ይጣዳል፣ ሲለሰልስ ስንዴው ይጨመራል። አብረው ከተጣዱ ስንዴው ፈንድቶ ይላቁጣል፣ ባቄላው ጥርስ ይሰብራል። በየዕድሩ ጎላው ዘንድ የሚቆሙት ሁልጊዜ እነዚያው ሁለት ሦስት እናቶች የሆኑት ለዚህ ነው።

በገንዘቡ በኩል ግን ጸሐፊው የሚሉት አላቸው። ለሃያ ዓመት ያልተነካ ወርኃዊ መዋጮ ዛሬ የሣጥን ዋጋ እንኳ አይሸፍንም። መፍትሔው ዕድሩን መዝጋት ሳይሆን መዋጮውን በየዓመቱ በጠቅላላ ስብሰባ መከለስ፣ ጥሬ ገንዘቡን በሦስት ሰው ፊርማ ባንክ ማስቀመጥ፣ የተረፈውን ወደ ዕቃ መለወጥ ነው። ድንኳን፣ ወንበርና ጎላ ዋጋቸው ከገበያው ጋር አብሮ ይወጣል። ዕቃውን የሚያጠፋው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ቸልታ ነው። በክረምት የተተከለ ሸራ እርጥበቱን እንደያዘ ከታጠፈ በወሩ ሻግቶ፣ በዓመቱ በእጥፋቱ ላይ ይቀደዳል። ከመታጠፉ በፊት ሁለት ቀን ፀሐይ ላይ መዋል አለበት፤ ይህን የሚያደርግ ሰው በስም ካልተመደበ ማንም አያደርገውም።

ወደ ሁለተኛው ነጥብ ልለፍ። ለቅሶ መቀመጥ የሥራ ቀን ይበላል ይላሉ። ይበላል። ስንት እንደሚበላ ግን አልቆጠሩትም። በዚያው የ60 ቤት ዕድር በዓመት አራት ለቅሶ ይደርሳል እንበል። ደንቡ በቀብሩ ዕለት ከየቤቱ አንድ ሰው ግማሽ ቀን ይገኝ፣ ቀሪውን ሁለት ቀን ደግሞ ከሥራ በኋላ አምሽቶ ይመለስ ቢል፣ አንድ ቤት በዓመት የሚያወጣው ሁለት የሥራ ቀን ነው። በዚህ ስሌት ለቅሶ በአንድ ቤት የሚደርሰው በ15 ዓመት አንዴ ነው። በ15 ዓመት 30 ቀን አወጣ። በተራው ለቅሶ በደረሰበት ዕለት 59ኙ ቤቶች ግማሽ ግማሽ ቀን ይዘውለት ይመጣሉ፤ 30 ቀን ሊሞላ ግማሽ ቀን ቢቀረው ነው። አልተረፈም፣ አልከሰረምም ማለት ይቻላል። ብቻ በየዓመቱ የተበተነው ቀን ተሰብስቦ፣ ሰውየው እጁን ማንሣት በማይችልበት በዚያ አንድ ቀን መጣለት። የዕድርን ጥቅም በትርፍና በኪሣራ ለመመዘን የሚፈልግ ሰው መመዘን ያለበት ይህን ነው፤ መቼ እንደመጣ።

በሌላ በኩል በከተማው ድንኳን ሥር ሦስት ቀን ሙሉ ካርታ ሲጫወቱ የሚውሉ ጎልማሶች እንዳሉ አይካድም። ያ ለሐዘንተኛው አንዳች አይጠቅመውም፤ ይልቁንም ምግብና ሻይ ያስወጣዋል። ደንቡ ላይ ሰዓት ይጻፍ። ለተዝካር በሬ የሚሸጥን ቤተሰብ በተመለከተም ከጸሐፊው ጋር ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ። ተዝካር ጸሎትና ምጽዋት ነው፤ ካህናቱና ነዳያኑ ከበሉ ይበቃል። ጎረቤት ከጎረቤት በድግስ መፎካከሩ የሟቹን ልጆች የእርሻ በሬ አልባ ያደርጋቸዋል። በጽዋ ማኅበርም እንዲሁ፤ 12 አባላት ካሉ ተራው በዓመት አንዴ ነው የሚደርሰው፤ ጠላና ዳቦ ብቻ ይሁን ብለው የወሰኑ ማኅበሮች ሳይፈርሱ ይኖራሉ፤ በየተራው አንድ ወጥ የሚጨምሩት ናቸው አቅም የሌለውን አባል አሳፍረው የሚያስወጡት።

ሦስተኛው ነጥብ ደቦ ነው። እዚህ ላይ ጸሐፊው ሁለት ነገር አንድ አድርገዋል። ወንፈል በቀን ቀን የሚመለስ ብድር ነው፤ ዛሬ የእኔን ካጨድክ ነገ የአንተን አጭዳለሁ፤ ሰው ቢታመም ልጁን ወይም ወንድሙን ይልካል እንጂ አይቀርም። ደቦ ባለ እርሻው ደግሶ የሚጠራው ነው፤ የመጣው ሰው ቀን አይቆጥርም። ባልዋ የሞተባት ሴት፣ እግሩን የተሰበረ ገበሬ፣ ልጆቹ ከተማ የገቡበት ሽማግሌ የሚድኑት በደቦ ነው፤ ወንፈል መመለስ አይችሉምና።

ድግሱ ከደመወዝ ይበልጣል የሚለውን እንየው። አንድ ሄክታር፣ በእኛ አቆጣጠር አራት ጥማድ፣ የደረሰ ገብስ አለ እንበል። አንድ ሰው በማጭድ ብቻውን ቢገባበት ሃያ ቀን ያህል ይፈጅበታል። ገብስ ደግሞ እንደ ደረሰ ዛላው ወደ መሬት ይጎብጣል። ሳምንት ካለፈው አንገቱ እየተሰበረ ይረግፋል፤ በመሐሉ ያለ ጊዜው የመጣ ዝናብ ወይም በረዶ ካገኘው ተኝቶ ይቀራል። ብቻውን የሚያጭድ ሰው የመጨረሻውን ጥማድ ሲደርስበት እህሉ ከደረሰ ሁለት ሳምንት ሆኖታል። ሃያ ሰው ግን በአንድ ቀን ያነሣዋል። «እንግዲያው ሃያ የቀን ሠራተኛ ይቅጠር» ይላሉ ጸሐፊው። በኅዳር የሁሉም ገብስ በአንድ ሰሞን ነው የሚደርሰው። ሊቀጠር የሚችለው ሰው ሁሉ የራሱ ማሳ ውስጥ ነው። የደቦ ዳኞች ይህን የሚፈቱት በተራ ነው። ከዳገቱ በታች ያለው ማሳ ከላይኛው ጥቂት ቀን ቀድሞ ይደርሳል፤ ዛላውን በእጃቸው አሽተው እየነከሱ፣ የየትኛው ማሳ ቀድሞ ይታጨድ የሚለውን ይወስናሉ። ያ ውሳኔ ገበያ ውስጥ አይገኝም።

ወጪውንም እናስላው። ሃያ ሰው ሁለት ጊዜ ሲበላ፣ በአንድ ጊዜ ሁለት እንጀራ ብንይዝ 80 እንጀራ፣ ከ12 እስከ 16 ኪሎ ዱቄት ገደማ ነው። ከጎተራ የሚወጣ እንጂ ጥሬ ብር አይደለም፤ በመኸር ወቅት የገበሬ እጅ ላይ የሌለው ደግሞ ጥሬ ብር ነው። ጠላው ግን ብልሃት ይጠይቃል። ብቅሉ፣ ጌሾው፣ ጥንስሱና ድፍድፉ ተደምሮ በደጋው ብርድ ሁለት ሳምንት ሊጠጋ ስለሚችል እመቤቲቱ እህሉ ገና ቢጫ ሳይሆን ነው የምትጠነስሰው። ትልቁ ስሕተት ጠላውን በጠዋት ማቅረብ ነው። ጠዋት ከተጠጣ ከቀትር በኋላ ማጭዱ ከፍ እያለ ይሄዳል፣ ግማሹ ጭድ መሬት ላይ ይቀራል፣ ጣት ይቆረጣል። ልምድ ያለው ቤት ረፋድ ላይ ቆሎና ቅራሪ ብቻ ይሰጣል፤ ደህናው ጠላ የሚወጣው ነዶው ከተከመረ በኋላ ነው። ሌላው ስሕተት ሰው ማብዛት ነው። በአንድ ጥማድ ላይ ከሃያ በላይ ከሆኑ ይጋፋሉ፣ ዛላ ይረጋገጣል፣ ባለቤቱም የሚከታተለው ሰው ስለሚበዛበት ቃርሚያው ይበዛል። ጸሐፊው የከሰረ ደቦ አይተው ከሆነ ከእነዚህ በአንዱ የከሰረ ይመስለኛል።

«ማሽን ይተካዋል» የሚለውን በዚሁ በሰሜን ሸዋ ባለው በሞረትና ጅሩ ወረዳ እንመልስላቸው። በወረዳው ከተማ በእነዋሪ አካባቢ ያለው ጥቁር አፈር በክረምት ውሃ ያቁራል፤ ሥሩ ታፍኖ ሰብሉ ይቢጫል። የአካባቢው ሰው ከታረሰ በኋላ አፈሩን በእጅ እየዛቀ ሰፊ መደብና ቦይ በመሥራት ውሃውን የማስወጣት ልማድ ከጥንት ጀምሮ ነበረው፤ ሴቶችና ልጆች ያሉበት ከባድ የጋራ ሥራ ነው። በ1980ዎቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ዓለም አቀፉ የእንስሳት ማዕከል ለአፍሪካ ይህንኑ በበሬ የሚሠራ፣ ሁለት የአገር ማረሻ ጎን ለጎን በማያያዝ የተበጀ መሣሪያ አወጣ፤ መደቡ 80፣ ቦዩ 40 ሳንቲ ሜትር የሚሆን። መሣሪያው የእጁን ድካም ቀነሰ። ግን የሚጎትተው ጥንድ በሬ ነው፤ አንድ በሬ ብቻ ያለው ገበሬ ደግሞ ብዙ ነው። እርሱ የሚያርሰው በመቀናጆ ነው፤ አንድ አንድ በሬ ያላቸው ሁለት ገበሬዎች አቀናጅተው ተራ በተራ ያርሳሉ። መሣሪያው ራሱ ጎረቤት ከሌለ ከጎተራ አይወጣም።

መቀናጆም የራሱ ሕግ አለው። የማሳው ባለቤት በዚያ ቀን ሁለቱንም በሬዎች ይቀልባል። የበሬዎቹ ቁመት ካልተመጣጠነ ቀንበሩ ወደ አጭሩ ያጋድላል፣ ጫንቃው ይላጣል፣ ለሳምንት ያህል ሁለቱም ገበሬዎች ሥራ ይፈታሉ። ጉልበታቸው ብቻ ከተለያየ ምራኑን፣ ማለትም ቀንበሩን ከሞፈሩ ጋር የሚያስረውን ጠፍር፣ ከመሐል ወደ ጠንካራው በሬ ትንሽ ጠጋ አድርጎ ማሰር ደካማውን ያሳርፈዋል። ሽማግሌዎች መቀናጆ ሲያስማሙ ከሰዎቹ ጠባይ እኩል በሬዎቹን አቁመው የሚያዩት ለዚህ ነው።

ዕቁብን በተመለከተ ብዙ አልልም። ሃያ ሰው በሳምንት 1,000 ብር ቢጥል አንዱ በየሳምንቱ 20,000 ብር ያነሣል፤ ቀድሞ የደረሰው ያለ ወለድ ተበድሯል፣ መጨረሻ የደረሰው ያለ ወለድ አበድሯል። ዋጋ በሚንርበት ዘመን የኋለኛው ይጎዳል፤ ጸሐፊው እውነት አላቸው። መድኃኒቱ ዙሩን ማሳጠርና፣ አስቀድሞ ያነሣውን ሰው በሁለት ዋስ ማስያዝ ነው፤ ዕቁብ የሚፈርሰው ቀድሞ የበላው ሲጠፋ ነውና። ለሱቅ ዕቃ ማምጫ መያዣ ያላገኘ ነጋዴ ግን ከዕቁብ በቀር የሚሄድበት ደጅ የለውም።

አምስተኛው ነጥብ የጋራ የሆነ ነገር ባለቤት የለውም የሚለው ነው። ይህን በሰሜን ሸዋ ሰው መጻፉ አሳዝኖኛል፤ መንዝ ጓሳ እዚሁ አለና። ከ3,200 ሜትር በላይ ያለው ያ የሣር ምድር በአስቦና በጌራ ወገኖች ተከፍሎ፣ ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ በጋራ ሕግ ሲጠበቅ እንደኖረ ይታወቃል። የየወገኑ ሰዎች አለቃ ይመርጣሉ፤ ሣሩ ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ለሚሆን ጊዜ ይዘጋል፤ ሲከፈትም ሁሉም በአንድነት ገብቶ ያጭዳል። ጓሳ በሚባለው በዚሁ ሣር ጣራ ይከደናል፣ ገመድ ይገመዳል፣ ለእረኛ ገሳ ይሠራል። ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ዛሬም እዚያ የሚኖሩት ሰው ሣሩን ስለጠበቀው ነው። ያ ሥርዓት የላላው በአዋጅ ቁጥር 31/1967 የመሬት ሥሪቱ ሲለወጥና የቀድሞው የርስት ሕግ ሲቀር ነበር፤ ያን ጊዜ ነው ሁሉም እንዳሻው መግባት የጀመረው። በኋላ ኅብረተሰቡ በኮሚቴና በመተዳደሪያ ደንብ እንደገና አቆመው። ስለዚህ ጸሐፊው የጠቀሱት ጥፋት አለ፤ የደረሰው ግን ማኅበሩ ከነሕጉ በፈረሰ ጊዜ ነው። ማኅበሩን አፍርሰን ጥፋቱን እንከላከል ማለት ነገሩን ይገለብጠዋል።

የመጨረሻው ወጣቱን የሚመለከት ነው፤ እኔንም ከሁሉ ይበልጥ የሚያሳስበኝ እርሱ ነው። ደብረ ብርሃን በፋብሪካዎቹ፣ በኢንዱስትሪ ፓርኩና በዩኒቨርሲቲው ምክንያት ከመራቤቴ፣ ከመንዝ፣ ከይፋት በመጡ ተከራይ ወጣቶች ተሞልታለች። አብዛኞቹ ዕድር የላቸውም። ጸሐፊው ይህን የነፃነት ምልክት አድርገው ያዩታል፤ «ነፍስ ይማር» ብሎ በስልክ መላክ ይበቃል ይላሉ። መልእክቱ ይድረስ፤ ጥሩ ነው። ግን ከተከራዮቹ አንዱ ሌሊት ቢሞት አስከሬኑን ወደ ዓለም ከተማ ወይም ወደ መሐል ሜዳ የሚያደርሰው ማን ነው? መኪናውን የሚከራየው፣ ከአስከሬኑ ጎን ተቀምጦ የሚሄደው፣ እናቱ ሳትሰማ ቀድሞ ለአጎቱ የሚነግረው ማን ነው? አከራዩ በሩን ዘግቶ ለፖሊስ ከመደወል በቀር ምን ሊያደርግ ይችላል?

ጥፋቱ የወጣቶቹ ብቻ አይደለም፤ የዕድሮቹም ነው። ብዙ ዕድር ቤት የሌለውን አይቀበልም፤ የሚቀበለውም የመግቢያ ክፍያው ለወጣት ሠራተኛ ከባድ ነው። በፈረቃ የሚሠራ ልጅ በቀትር ቀብር ላይ አልተገኘም ተብሎ ይቀጣል። ይህ ይስተካከል። ለተከራይ የመግቢያ ክፍያው በስድስት ወር ተከፋፍሎ ይከፈል። በቀን ፈረቃ የዋለ ማታ ድንኳን በማፍረስና ወንበር በመመለስ ግዴታውን ይወጣ፤ ያንን የሚሠራ ሰው ሁልጊዜ ይጎድላልና። መዝገቡ ላይ ከስሙ ጎን የትውልድ ቀበሌውና መጀመሪያ የሚደወልለት ዘመድ ስልክ ይጻፍ። ስልኩ እዚህ ጋ ነው ትልቅ ሥራ የሚሠራው፤ ለፋፊው ሠፈሩን ዞሮ እስኪጨርስ ለተከራዮቹ በአንድ መልእክት ሊደርሳቸው ይችላል። የአስከሬን ማጓጓዣ ለብቻው በጀት ይያዝለት፤ ከአጠቃላዩ መዋጮ ጋር ከተቀላቀለ በድንኳን ግዢ ያልቃል። የዕቃ ቤቱም ቁልፍ በሁለት ቤት ይቀመጥ፤ የሞተው ቁልፍ ያዡ ራሱ ሊሆን ይችላልና።